አዲስ ጨርቅ ሳይታጠብ

ጥቅምት 6

ይድረስ ለቁንጫዬ፣

አዎ፣ እኔው ነኝ የጻፍኩት። ማንም እጄን አልያዘኝም። «ፊደሉ ጠማማ ነው፣ በአክስቴ ስም የሚጽፍልኝ ማን ነው?» ብለሽ መጠየቅሽ አስቆኛል፤ አናዶኛልም። ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን ይጽፍልኝ በነበረ ጊዜ ማን ነህ ብለሽ ጠይቀሽው አታውቂም። የእሱ ፊደል ቀጥ ያለ ነዋ! የእኔ ጠማማ ቢሆንም የራሴ ነው።

የማታ ትምህርት ቤት ከገባሁ ቆየሁ። አልነገርኩሽም፤ አቅቶኝ ብተወው ማንም እንዳይስቅብኝ ብዬ ነው። ለአባትሽ ደብተር ሲገዛ ለእኔ ሳሙና ነበር የሚገዛልኝ፤ እና ፊደል ዕዳዬ ነው ብዬ በስተርጅናዬ ገባሁበት። መምህሩ ልጄ ይሆናል። «እማማ፣ ደብዳቤ ሲጀመር በቅድሚያ ጤና ይጠየቃል፤ ቀጥሎ እኔ ደህና ነኝ ይባላል» ብሎ አስተምሮናል። ጤናሽን ይኸው ጠየቅኩ። እኔ ደህና ነኝ ብዬ ግን አልጽፍም፤ ደህና አይደለሁማ። ፖስታው ላይ አየሁት ያልሽው የሆስፒታል ማኅተም የሌላ ሰው አይደለም፤ የእኔው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላውንደሪው ውስጥ የፈላ ውሃ ተገልብጦ ቅልጥሜ ላይ ፈሰሰ። ጠቅልዬው ሥራዬን ቀጠልኩ። ልብሱን የሚጠብቅ ሰው የአጣቢዋን እግር አይጠይቅም። ቁስሉ መግል ያዘ። ክኒን ሰጡኝ፤ አልሆነም። መርፌ ሰጡኝ፤ አልሆነም። ሌላ መርፌ መጣ፤ እሱም እንደ ውሃ አለፈ። ቀዶ ሐኪሙ «እማማ፣ ቁስልዎ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ መድኃኒቶቹን ሁሉ ተላምዷቸዋል» አለኝ። «እንግዳ ሆኖ ገብቶ ባለቤት ሆነ በለኛ» አልኩት። አልሳቀም። በዚሁ ከቀጠለ ከጉልበቴ በታች እንደሚቆርጡት ነገረኝ።

እኔ ደግሞ እንጀራዬን የማገኘው ቆሜ ነው። አንቺንም ያሳደግኩሽ ገንዳ ፊት ቆሜ ነው። ተቀምጬ የማውቀው ሥራ የለኝም። እግሬ ከሄደ የቀረው እኔ ማን ይሆናል?

አንድ ነገር ልንገርሽና ላብቃ። የድሮ ደብዳቤዎችሽን ከሳጥን አውጥቼ ራሴ አነበብኳቸው። «አክስቴ ሆይ፣ አንቺን ሳስብ እንባዬ ይወርዳል» የሚል አንድም ቦታ የለም። «ደህና ነኝ፤ ሥራ በዝቶብኛል» ብቻ ነው። ለካ ልብስ ሰፊው ሲያነብልኝ ጥልፍ ይጨምርበት ኖሯል! ይህን ሁሉ ዘመን ስጽናና የኖርኩት በልብስ ሰፊ እንባ ነው።

ከእንግዲህ የማነበው እኔ ነኝ። እውነቱን ጻፊ።

አክስትሽ


ጥቅምት 21

ለአክስቴ፣

ይቅርታ የምጠይቅበት ነገር ስለበዛ ከየት እንደምጀምር አላውቅም። ስለ ፊደሉ ይቅርታ። «ሥራ በዝቶብኛል» ስላልኩት ሁሉ ይቅርታ። እውነቱን ጻፊ ብለሽኛልና እነሆ፦ ልብስ ሰፊው ደብዳቤዬን በረንዳ ላይ ጮክ ብሎ እንደሚያነበው አውቅ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ የሚሰማውን ነገር ምን ብዬ ልጻፍልሽ? ብቸኝነት ገደለኝ ብዬ? አንድ ጊዜ «ላቦራቶሪ ውስጥ ነኝ» ብዬ ብጽፍ «ሐኪም ሆነች» ብሎ አውጆልኝ፣ በማግስቱ የሰፈሩ ሰው ሁሉ በሽታውን በደብዳቤ ላከልኝ። ከዚያ በኋላ ፈራሁ።

ሐኪም አይደለሁም። የምሠራው ጨርቅ ነው። አትሳቂ። አንቺ ሳፋ ውስጥ ስታሺው ያደግኩበትን ጥጥ እዚህ ብር እናለብሰዋለን። ብር ስልሽ የጌጡን ብር ነው፤ ግን እጅግ የደቀቀ። አንድ የራስ ጸጉርሽን ውሰጂ፤ በስፋቷ ላይ ብቻ ከእነዚህ ቅንጣቶች በሺህ የሚቆጠሩ ጎን ለጎን ይደረደራሉ። ናኖ የሚባለው እንዲህ ያለው ልክ ነው። ዓይን አያያቸውም፤ ተራ ማይክሮስኮፕም አያሳያቸውም። የምናየው ጨርቁ ላይ የሚተዉትን ቀለም ብቻ ነው።

አንቲባዮቲክ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ባክቴሪያ የሚገባበት በር አንድ ነው። ባክቴሪያውም ውሎ አድሮ በሩን መዝጋት ይማራል፤ የአንቺም እንደዚያ ነው ያደረገው። ብሩ ግን በበር ብቻ አይመጣም። ቆዳውን ይበሳል፣ ውስጡ ገብቶ ይበጠብጣል፣ ሲራባም ያሰናክለዋል። ይህን ሁሉ ባንድ ጊዜ መልመድ ይከብደዋል። አይችልም አላልኩም፤ ይከብደዋል። እውነቱን ጻፊ ብለሽኛል።

አሁን ዋናው ነገር። አንቺ የተኛሽበት ሆስፒታል ጨርቃችንን በሕሙማን ላይ ከሚሞክሩት አንዱ ነው። ይህን ሳውቅ ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። ቀዶ ሐኪሙን በስልክ አግኝቼዋለሁ። ፈቃደኛ መሆንሽን እሱ ይጠይቅሻል፤ እኔ አይደለሁም። ዘመድሽ ስለሆንኩም የአንቺን ውጤት የሚመዝኑት ሌሎች ናቸው። ላይሠራ ይችላል። ሊቆጠቁጥሽ ይችላል። እምቢ ካልሽ ማንም አይቀየምሽም፤ እኔም ጭምር።

አንቺ ቁንጫ ብለሽ የጠራሽኝ፣ ትንሽና አላስቀምጥ ባይ ስለነበርኩ ነው። ይኸው ከቁንጫ ያነሰ ነገር ሳሳድድ እኖራለሁ።

ቁንጫሽ


ኅዳር 4

ለቁንጫዬ፣

ፈረምኩ። እንዴት ፈረምሽ ላልሽው፣ በጣቴ አይደለም። ሐኪሙ የቀለሙን ሳጥን ወደ አውራ ጣቴ ሲያስጠጋ «እስክሪብቶውን አቀብለኝ» አልኩት። ከመፈረሜ በፊት ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ፀሐይዋ መስኮቱን እስክትሻገር ድረስ አነበብኩት። ሐኪሙ ሁለት ጊዜ ሰዓቱን አየ። «ቸኩለህ ከሆነ ሂድ፤ እግሩ የእኔ ነው» አልኩት።

ያንቺ ጨርቅ መጣ። ልጄ፣ እኔ ሰው ለማስደሰት ስል አልዋሽም፤ ቀለሙ አስቀያሚ ነው። አመዳም፣ ቡናማ ቢጤ፣ መካኒክ እጁን የጠረገበት ይመስላል። ሲስተር በጓንት ይዛ ስታመጣው «ይሄ የማን ትራፊ ነው?» አልኳት። «እማማ፣ አዲስ ነው፤ አሁን ከማሸጊያው ያወጣሁት» አለች። አጠገቤ የተኛችው ጡረተኛ ትኬት ቆራጭ ናት፤ ዕድሜዋን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ስትጮህ ስለኖረች ቀስ ብላ ማውራት አትችልም። «የእህልሽ ጆንያ ታሰረልሽ?» ብላ ዋርዱን በሳቅ ሞላችው። «ልጄ ያንቺን አፍ የሚያስር ጨርቅ እስክትሠራ ታገሺ» አልኳት።

የመጀመሪያ ቀን ቆጠቆጠኝ። ከዚያ ተወኝ። ሲስተር ሁለተኛውን ስትቀይር ፊቷን ከቁስሉ ላይ አላዞረችም። ያን ጊዜ ሽታው እንደቀነሰ አወቅኩ፤ የሰው ፊት ማንበብ ከፊደል በፊት የተማርኩት ነው። አሁን ዳር ዳሩ ቀይ ሥጋ እየሆነ ነው። ሐኪሙ «ጥሩ ነው» አለ፤ ከእሱ አፍ ይህ ንግግር ነው።

ገና አላመሰግንሽም። የማመሰግነው እግሬ ከእኔ ጋር መቅረቱን ሳውቅ ነው። ትኬት ቆራጯ ግን ሰላም ብላሻለች። «ያቺ ልጅሽ ባል አላት?» ብላም ጠይቃለች፤ አልመለስኩላትም፤ እኔም አላውቅማ።

አክስትሽ


ኅዳር 22

ለቁንጫዬ፣

ባል ስለሌለሽ ማዘን የለብሽም፤ እኔም ኖሬ አይቼዋለሁ። የጠየቅሽኝን ልመልስ።

አዎ፣ ቤቴ ነኝ። ሆስፒታሉ አልጋ ስለጠበበው፣ እኔም ስለተሻለኝ ሸኙኝ። በዱላ እሄዳለሁ። ከአልጋ እስከ መስኮት፣ ከመስኮት እስከ በር። ሲስተር አቀያየሩን አስተምራኝ አንድ እሽግ ጨርቅ ሰጠችኝ። «እጅዎን ታጥበው፣ በንጹሕ ቦታ ላይ አድርገው፣ ከዚያ ያስሩት» አለችኝ። እኔን ስለ ንጽሕና! ሲስተር ሳትወለድ እኔ የሆስፒታል አንሶላ አጥብ ነበር። ግን ልጅቷ ጥሩ ናት፤ ዝም ብዬ ሰማኋት።

ስለዚህ አታስቢ። በእጄ ያለ ጨርቅ ምን ጊዜም በወጉ ነው የሚያዘው። እንደ ሙያዬ አድርጌ አሰናድቼ፣ አጣጥፌ፣ ንጹሕ ሣጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ብታዪው ያንቺ ሥራ አይመስልሽም።

ልብስ ሰፊው ሊጠይቀኝ መጥቶ ደብዳቤሽን ላንብብልሽ አለኝ። «ክርህን ቆጥብ» አልኩት። ገብቶት ጆሮው ቀላ። በኋላ ግን አሳዘነኝ። ያን ጥልፍ ሲጨምር ሊያታልለኝ ብሎ አልነበረም ይሆናል፤ ፊቴን እያየ ነው ያነበበልኝ። ወንበር ሰጠሁት።

አክስትሽ


ታኅሣሥ 9

ለቁንጫዬ፣

አዎ፣ ይሸታል። ተመልሶ ይሸታል። በስልክ ሐኪሙ የነገረሽ እውነት ነው፤ ልደብቅሽ አስቤ ነበር፤ ቀደመኝ። ቀይ ሥጋ የነበረው ቦታ አረንጓዴ መግል ይዟል። ትኩሳትም አለኝ። ተመልሼ እዚያው አልጋ ላይ ነኝ። ትኬት ቆራጯ «መመለሻ ትኬት ቆርጠሽ ነበር እንዴ የሄድሽው?» አለችኝና ወዲያው አፏን ይዛ አለቀሰች። ስትቀልድ እንጂ ስታለቅስ አያምርባትም።

ሐኪሙ የሚቆርጥበትን ቀን ወስኗል፤ የወሩ መጨረሻ ሳምንት ነው። እስከዚያ ተራ ፋሻ አስረውልኝ ትኩሳቱን ያበርዱታል። ቆጣ ብሎ ነው የነገረኝ። የተቆጣው እኔን ይሁን ጨርቁን አላወቅኩም። «መጀመሪያ የሠራ ነገር እንዴት እንዲህ ይከዳል?» ሲል ሰማሁት። አለቃሽስ ምን አለ? በደብዳቤሽ ስለ አለቃሽ አንድ ቃል አላልሽም። ዝምታሽን አነበብኩት፤ እሱንም ፊደል አድርጌዋለሁ።

«ጨርቁ ካልሠራ እባክሽ መቆረጡን እምቢ አትበይ» ብለሽ ለምነሽኛል። አባትሽ በምን እንደሞተ የጠየቅሽኝም ለዚሁ ይመስለኛል። ልጅ ሳለሽ «ልቡን አሞት» ብዬሽ ነበር። ልቡን አልነበረም። እጁን ቆርቆሮ ቆርጦት ነው። ያኔም መድኃኒቱ ሁሉ እምቢ ብሎ ነበር። እንቁረጠው ሲሉት «የሰው መሳቂያ አልሆንም» አለ። ወንድሜ የተማረ ነበር፤ በእጁ የሚጽፍ፤ እጁን ለመስጠት አልጨከነም። መርዙ ደሙ ውስጥ ገባ። አንቺ ገና ጥርስሽን ያልቀየርሽ ልጅ ነበርሽ። አባትሽ ከአንቺ ይልቅ እጁን መረጠ ብዬ ለልጅ እንዴት እነግራለሁ?

ስለዚህ አትስጊ። እኔ እንደሱ አላደርግም። ቀኑ ከደረሰ እግሬን እሰጣለሁ። እያለቀስኩም ቢሆን፣ እየተሳደብኩም ቢሆን እሰጣለሁ።

ከእሽጉ የተረፈውን ላኪልኝ ስላልሽኝ ይህን ደብዳቤ በሚያደርስልሽ ሰው እጅ ልኬዋለሁ። ምን እንደምትፈልጊበት አላውቅም። የጨርቁ ጥፋት ከሆነ አትማረሪ። አንቺ ሞክረሻል።

አክስትሽ


ታኅሣሥ 17

አክስቴ፣

ጨርቁ ደረሰኝ። ነጭ ነው።

ጠረጴዛዬ ላይ አኖርኩት። በካውያ ተተኩሷል። ጠርዙ ከጠርዙ ጋር ገጥሞ በአራት ታጥፏል። ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት፤ በረኪና ሸተተኝ። የልጅነቴ ሽታ ነው፤ የትምህርት ቤት ቀሚሴ ሽታ። መጀመሪያ ሳቅኩ። አለቃዬ ሳቄን ሰምታ ስትገባ እያለቀስኩ አገኘችኝ።

አጥበሽዋል። አይደል?

መቼም ክፉ ሠራሽ ልልሽ አይደለም የምጽፈው። ያ አመዳም ቀለም ቆሻሻ አልነበረም፤ መድኃኒቱ ራሱ ነበር። ብሩ እንዲያ ሲደቅ ቀለሙ እንደዚያ ነው። ሳሙናው ካውያው ሳይበቃ በረኪናው ብሩን በልቶታል። አንቺ ያሰርሽው ጨርቅ ንጹሕ ነበር፤ ባዶ ንጹሕ። መርምረነዋል፤ ምንም አልቀረበትም። ሆስፒታል ሳለሽ የታሰረልሽ ግን ያልታጠበው ነበር፤ ለዚህ ነው ያኔ የተሻለሽ።

ይገባሻል? ጨርቁ አልከዳሽም። ባክቴሪያውም ብሩን አልለመደም። ገና አልሞከርነውም ማለት ይቻላል።

ለሐኪሙ ደውዬ ቀኑን እንዲያራዝም ለመንኩት። «ትኩሳቱ ከወረደ እስከ ጥር አጋማሽ እታገሣለሁ፤ ከወጣ ግን በዚያኑ ቀን እቆርጣለሁ» አለኝ። ልክ ነው፤ አትከራከሪው። አዲስ እሽግ ለሲስተር በእጇ ይደርሳታል። አንቺ እንዳትነኪው።

ከሁሉ የቆጨኝ ምን እንደሆነ ልንገርሽ? አንቺ አዲስ ልብስ ሳታጥቢ አልብሰሽኝ አታውቂም። ጓደኞቼ ሁሉ አዲስ ቀሚሳቸውን በዕለቱ ሲለብሱ የእኔ ገመድ ላይ ተሰቅሎ ይንጠባጠብ ነበር፤ እያለቀስኩ እጠብቀው ነበር። ታዲያ ይህን የማውቅ ልጅ ማሸጊያው ላይ «አይታጠብ» ብዬ መጻፍ እንዴት ረሳሁ? እዚህ ካሉት ሁሉ ይህ ሊመጣ እንደሚችል ማወቅ የነበረብኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ቁንጫሽ


ታኅሣሥ 25

ለቁንጫዬ፣

አዎ። አጥቤዋለሁ። አፍልቼ፣ በበረኪና ነክሬ፣ ሁለት ጊዜ አለቅልቄ፣ ተኩሼ። አዲስ ጨርቅ ሳይታጠብ ገላ አይነካም፤ ከየት እንደመጣ፣ የማን እጅ እንዳገላበጠው አይታወቅም። ለጤነኛ ሰው እንዲህ ከሆነ ለቁስለኛማ! ያን ቀለም ሳይ «ልጄ ጎበዝ ናት፤ እጥበት ግን አልቻለችበትም» ብዬ ነው የሸፈንኩልሽ። ጉድለትሽን ለሰው እንዳይታይ መሸፈኔ ነበር!

ደብዳቤሽን አንብቤ ትራሴን ፊቴ ላይ ከደንኩ። ትኬት ቆራጯ «ሞተሽ እንዳይሆን» ብላ ስትጮህ ሲስተር ሮጣ መጣች። ነገርኳቸው። ትኬት ቆራጯ አልጋዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። «ሴትዮ፣ መድኃኒቱን አጥበሽ ውሃውን ደፋሽ? ይኸኔኮ የሰፈራችሁ ቦይ ድኗል!» እኔም ሳቅኩ። ስስቅ እግሬን አመመኝ፤ ግን ሳቅኩ። ሲስተር ብቻ አልሳቀችም፤ «እንዳይታጠብ ነግሬዎት ቢሆን ኖሮ» እያለች ጥፋቱን ወደ ራሷ ወሰደች። ጥፋት እንዲህ የሚሻሙበት ቦታ አይቼ አላውቅም። እኔ በኖርኩበት ዓለም ሸሚዝ ሲቃጠል ተጠያቂዋ ሁልጊዜ አጣቢዋ ብቻ ነበረች።

አለቃሽ ሴት መሆኗን አሁን አወቅኩ። ራሴ ጽፌላታለሁ፤ ጨርቁ እንዳልበደለ፣ ያጠብኩት እኔ እንደሆንኩ። ግልባጭ አልልክልሽም፤ የሁለት ትልልቅ ሴቶች ጉዳይ ነው።

አዲሱ ደርሷል፤ ሲስተር አስራልኛለች። አመዳሙን። ከዚህ አልጋ ሆኜ ቀኑን ሙሉ ሳየው እጄ ይበላኛል። ሳፋ ቢኖር፣ አንድ ድቡልቡል ሳሙና ቢኖር! እንዴት እንደሚከብደኝ አታውቂም። ዕድሜዬን ሙሉ ያደፈ ነገር ሲመጣ አውልቀው አምጡት፣ አነጣዋለሁ ስል ኖሬ፣ አሁን ያደፈ የሚመስል ነገር ታስሮብኝ እጄን አጣጥፌ እተኛለሁ። ብቻ እተኛለሁ።

አክስትሽ


ጥር 8

ለቁንጫዬ፣

ትኩሳቴ ወርዷል፤ አትደውይባቸው። ሲስተር «ልጅዎ ስልካችንን አስረጀችው» ብላለች።

ቁስሉ እንዴት ነው ላልሽው፣ አላየሁትም። ሲቀየር ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ። ተስፋ ማድረግ ደክሞኝ ነው። ባለፈው ቀይ ሥጋ አይቼ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደስታዬን ራሴ በሳፋ ቀቀልኩት። አሁን ሐኪሙ እስኪነግረኝ አላይም።

ብቻ አንድ ነገር ልጻፍልሽ፤ በአፌ ልለው አልችልም። እኔ የተማረ ሰው አልወድም ነበር። ወንድሜ ተምሮ አኮራኝ፤ ትቶኝም ሞተ። አንቺን አስተማርኩ፤ ሄድሽ። ደብተር የሚገባበት ቤት ሁሉ ሰው ይወጣበታል ብዬ ነበር የደመደምኩት። ትናንት አልጋዬ ላይ ሆኜ ሳስበው፣ አንቺ የሄድሽበት ቦታ ተቀምጠሽ ስትሠሪ የኖርሽው ጥጥ ነው። ከእኔ ሳፋ ወጥተሽ ተመልሰሽ ጥጥ ያዝሽ። አባትሽን የገደለውን ነገር ስሙን ሳታውቂ፣ ማንም ሳይነግርሽ፣ እያሳደድሽው ነበር። እግሬ ቢቆረጥም ይህን ማወቄን አይቆርጡትም።

እግሬ ሳይለይለት አላመሰግንሽም ብዬ ነበር። ይቅር፣ አሁን አመሰግንሻለሁ። ቢሳካም ባይሳካም ነው ምስጋናው። ከተሳካ በኋላ ማመስገንማ ልብስ ሰፊውም ይችላል።

አክስትሽ


ጥር 16

አክስቴ፣

ደብዳቤሽን በአውቶቡስ ውስጥ አንብቤ መውረጃዬን አለፍኩ። እንደ ልብስ ሰፊው እንባዬ ወረደ ልበልሽ? ወረደ። ይህን ማንም አልጨመረበትም፤ እኔው ነኝ።

አለቃዬ ደብዳቤሽን ለሁላችንም አነበበችልን። ግልባጭ አልልክልሽም ያልሽው እንዲህ ሆነ። ከእንግዲህ ጨርቁ እንዳይታጠብ እያንዳንዱ ሕመምተኛ፣ ቤተሰቡም ጭምር፣ በአፍ ይነገረዋል፤ በሥዕልም ይታተማል፤ መስመር የተሰመረበት ሳፋ። ማንበብ ለማይችልም ይገባል።

ሐኪሙ ዛሬ ጠዋት ደውሎልኝ ነበር። ያለኝን አልጽፍልሽም። ከእሱ አፍ ስሚው፤ መጀመሪያ መስማት ያለብሽ አንቺ ነሽ። ፊትሽን ከግድግዳው መልሺ።

ቁንጫሽ


የካቲት 11

ለቁንጫዬ፣

አዎ፣ መለስኩ። ሐኪሙ ወንበር ስቦ ሲቀመጥ ፈርቼ ነበር፤ ክፉ ወሬ ያለው ሰው ነው የሚቀመጠው። «እማማ፣ ይዩት» አለኝ። «አንተው ንገረኝ» አልኩት። «አልነግርዎትም፤ ይዩት» አለኝ። ልጅ ሆነን መድኃኒት እንደሚያጠጡን፣ ትኬት ቆራጯ ከወዲያ አልጋ «እይዋ፣ አንቺ ፈሪ!» ብላ ጮኸችብኝ። አየሁት። ቀይ ነበር፤ ንጹሕ ቀይ፤ ከዳሩም ስስ ቆዳ እየመጣበት። እኔ ከቁስሌ ይልቅ ሐኪሙን ሳየው ቀረሁ። ሲስቅ ጥርሱ ፍንጭት ኖሯል፤ ይህን ሁሉ ጊዜ አላወቅኩም።

ከጭኔ ቆዳ ወስደው ቀሪውን ሸፈኑት፤ ያዘ። አይቆረጥም። ቁርጭምጭሚቴ ድሮ እንደነበረው አይታጠፍም፤ ክረምት ሲመጣም ያመኛል ብለዋል። ይመመኝ። የሚያመኝ እግር አለኝ ማለት ነው።

አሁን ልምጣ ወይ ላልሽው፣ ነይ አልልሽም፣ አትምጪም አልልሽም። ሥራሽን ጨርሺ። ሲስተር እንደነገረችኝ በወንዶቹ ዋርድ አንድ አናጢ አለ፤ የእሱም ባክቴሪያ መድኃኒቱን ሁሉ የለመደ ነው። አመዳሙን ጨርቅ አስረውለታል። ሚስቱ «ይሄ ቆሻሻ ነገር ምንድን ነው?» ብላ ስትቆጣ ሲስተር እኔን ጠራችኝ። ሄጄ እግሬን ገልጬ አሳየኋት። ምንም አልተናገርኩም። አይታ፣ ነካ አድርጋ፣ የባሏን ጨርቅ መልሳ ሸፈነችው።

ሁሉንም አመስግኛለሁ፤ ሐኪሙን፣ ሲስተርን፣ ያችን ጯሂ። ሲስተርን ሳመሰግናት «እማማ፣ ቆጣ ብለው ይንገሩኝ፤ እንዲህ ሲሉ ያስፈሩኛል» አለችኝ። ምሬቴ አልለቀቀኝም፤ ከገላዬ ጋር የተሰፋ ነው። ግን በመሃሉ ሌላ ነገር ገብቷል፤ ከጸጉር የቀጠነ፣ ዓይን የማያየው፣ ሥራውን የሚሠራ።

ከሆስፒታል ወጥቼ፣ ዛሬ ደብዳቤውን ራሴ ልልክ ፖስታ ቤት መጥቻለሁ። ሰልፉ እስከ በሩ ነው። ዱላዬን ያየ አንድ ጎልማሳ «እናቴ፣ እዚህ ወንበር ላይ ይቀመጡ፤ ተራዎን እኔ እይዝልዎታለሁ» አለኝ። ደግ ሰው ነው፤ አመሰገንኩት። ግን አልተቀመጥኩም። ወረቀቱን ግድግዳው ላይ አስደግፌ እየጻፍኩ፣ ሰልፉ ሲራመድ እየተራመድኩ ነው። ፊደሌ ከወትሮው የበለጠ ቢጣመም አትፍረጂ፤ ይህን ሁሉ የጻፍኩልሽ ቆሜ ነው።

አክስትሽ